ማርሽ በትከሻ

ጥቅምት 4

ውድ አጎቴ፣

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ የእህትህ ልጅ፣ በቤትም በሰፈርም ፌንጣ ተብዬ የምጠራው፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ስትሄድ «ሞተር ሳይክሌን አቧራ እንዳይነካብኝ» ብለህ በአደራ የሰጠኸኝን ወፍራም ላስቲክ በመቀስ ቆራርጬ የደብተሮቼ ልባስ አድርጌዋለሁ። ደብተሮቼ ከእንግዲህ ዝናብ አይፈሩም። ሞተር ሳይክልህ ጎሹ ይፍራ አይፍራ አልጠየቅኩትም። ፍርዱን አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነህ? ድንጋይ መፍጫዎችህስ? ስልክ በማይሠራበት ገደል ሥር መቀጠርህን እማዬ ወዳዋለች። «ወንድሜ በስልክ ሲያወራ ይጮሃል፤ በደብዳቤ ግን ሰው ይመስላል» ትላለች። ንግግሯን እንዳለ ነው ያቀረብኩት፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

ወደ ጥያቄዎችህ ልሂድ። አዎ፣ ጎሹ ይነሳል። አይ፣ እኔ አልነካሁትም። አንተ «ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሱት» ያልከውን አባባ «ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጅዎን ትምህርት ቤት ያድርሱ» ብለው ተረድተውታል። የሾፌርነት ዘመናቸውን የቆዳ ጃኬት ከሻንጣ አወጡ። እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው መሪውን ሲይዙ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ የደረሳቸው ሰውዬ ይመስላሉ። ዕድሜ ልካቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ስለነዱ ከኋላቸው የተቀመጠ ሁሉ ተሳፋሪ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን «ወራጅ አለ?» ይሉኛል ብዬ በተጠንቀቅ ነው የምቀመጠው።

ጤናቸውን ላልከው፣ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ የቴሌቪዥኑን ዜና አንባቢ ይቆጣሉ። «የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ አያወራም፤ ያጉተመትማል» ይላሉ። ልጁ እንኳ ጥርት አድርጎ ነው የሚያነበው። ይሁን።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለትምህርት ነው። የፊዚክስ መምህራችን ስለ ጉልበትና ፍጥነት እያስተማሩን ነው። እንደ ጎሹ ያለ ትልቅ ሞተር ሳይክል ላይ ማርሽ የሚቀየርበት ጊዜ በምን ይታወቃል? የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሰዓት ፈልጌ አጣሁበት፤ ፍጥነቱን የሚያሳየው ብቻ ነው ያለው። አባባን ስጠይቃቸው «በጆሮ ነዋ!» ብለው ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹብኝ። እሺ፣ በጆሮ። በጆሮ ካልሆነስ? ማለቴ፣ አንድ ሰው ጆሮውን በጥጥ ቢደፍን በምን ያውቃል? ለፊዚክስ ነው።

አክባሪህ
ፌንጣ


ጥቅምት 11

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ከነቅባቱ ደርሶኛል። ደብዳቤ የሚያመላልስልን የሲሚንቶው መኪና ሾፌር ምሳውን ጠቅልሎበት ነበር መሰለኝ። ላስቲኩን በተመለከተ ችሎቱ ወስኗል፤ ስመጣ ጎሹን በጥርስ ብሩሽ ታጥቢዋለሽ፤ ብሩሹም ያንቺው ይሆናል።

ፊዚክስ መውደድሽ አስደስቶኛል። ባለፈው ዓመት ያመጣሽውን ውጤት እናትሽ ስትነግረኝ ካንቺ ይልቅ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄሽን አክብሬ እመልሳለሁ፤ አልጠረጠርኩም ማለት ግን አይደለም።

ትናንሾቹ ሞተር ሳይክሎች ካላስጮኻቸው አይሄዱም። ጎሹ እንደዚያ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር ነው ያለው፤ ጉልበቱ ከታች ነው፤ ቀስ ብሎ እየዞረም ይጎትታል። ሰዓት ያልገጠሙለትም ለዚህ ነው፤ ሰውነትሽ እንዲቆጥረው ነው። ማርሹ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ሲያንስ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደሚያደርገው ይሆናል። ዱብ... ዱብ... እያለ መቀመጫው ከታች ያነጥርሻል። ያን ጊዜ ጋዝ መጨመር እሱን ማሰቃየት ነው፤ ማርሽ ነው የሚቀነሰው። ማርሹ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱ ሲበዛ ደግሞ ዱብዱቡ ይጠፋና ጥቃቅን መንዘር ይተካዋል። የእግር መርገጫው በጫማሽ በኩል ውስጥ እግርሽን ያሳክክሻል፣ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው መኪና ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ማርሽ ይጨመራል። በመሃል ያለው የጎሹ ቤት ነው። እዚያ ሲሆን የተኛ ሰው ደረት ላይ እጅሽን እንዳሳረፍሽ ነው የሚሰማሽ። በከተማ ውስጥ አምስተኛ ማርሽ የሚያስገባ ሰው ለጉራ ነው የሚያስገባው።

ቁልቁለት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይዞሽ ይወርዳል። በከፍተኛ ማርሽ ገብተሽ ፍሬን ላይ ከተንጠለጠልሽ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። መሃል ላይ ደንግጠሽ ማርሹን ባንዴ ከቀነስሽ ደግሞ የኋላ ጎማው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው መንገዱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። እኔ ካለሁበት በላይ፣ ከማደያው ቀጥሎ ያለውን ቁልቁለት ብታዪው ይገባሽ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ገደል የገባ ነገር እናወጣለን።

ይሁንና ጆሮ ይበልጣል። ልጅ እያለሁ አባባ አውቶቡሱን እየነዱ አንዲት ብሎን መላላቷን በድምፅ ለይተው ያቆሙ ነበር። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም «ዝም በሉ፣ እያናገረችኝ ነው» ይሉ ነበር። ከሳቸው ተማሪ፤ እኔ ገልባጭ ነኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 13

አጎቴ፣

ይህኛውን የምጽፍልህ ላለመላክ ነው። ላንተ የሚላከው ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

አባባ አይሰሙም።

በአንድ ጊዜ አይደለም የሆነው። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ወፎቹ፣ ከዚያ የእማዬ ድምፅ። የመጨረሻው እንኳ ዕረፍት ነው ብዬ ቀንቼባቸው ነበር። ሰው ሲያናግራቸው «ልክ ነሽ» ይላሉ። በቀደም እማዬ «አባባ፣ ሾርባው ጨው በዛበት ወይስ አነሰው?» ስትላቸው «ልክ ነሽ» አሏት፤ እሷም ኮርታ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ በሳል ብቻ የሰውን በሽታ የምትለይ ሴትዮ የገዛ አባቷን ጆሮ አላወቀችም።

ያወቅኩት እኔ ነኝ፤ ከኋላቸው የምቀመጠው እኔ ነኛ። አንድ ጠዋት ከቤት እስከ ገበያው አደባባይ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሄዱ። ጎሹ እሪ ይላል፣ ሰው ዞሮ ዞሮ ያየናል፣ አባባ ግን ቤተ መጻሕፍት የገቡ ይመስል ተረጋግተዋል። በማግስቱ የሆስፒታሉን ዳገት በአምስተኛ ማርሽ ጀመሩት። ጎሹ እየተንገዳገደ ሄዶ ሄዶ መሃል መንገድ ላይ ጠፋ። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ሊድጠን ደርሶ ቆመና ጥሩምባውን ይነፋው ጀመር። ጥሩምባውንም አልሰሙትም። ዞረው መኪናውን ሲያዩት ግን ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ በሆዴ በኩል ተሰማኝ። ያኔ ገባኝ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን፣ ጎሹ እንደገና እሪ ሲል፣ ቀኝ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኩ። አቧራ የማራግፍ መስዬ። ማርሽ ጨመሩ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ግራ ትከሻቸውን መታ አደረግኩ። ቀነሱ። ምንም አልተባባልንም። እስከ ዛሬም ምንም አልተባባልንም። እሳቸው ማርሽ የሚቀይሩት በገዛ ውሳኔያቸው ነው፤ እኔም ንጽሕና የምወድ የልጅ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት በር ላይ ስወርድ «ዛሬ እንዴት ነበር አነዳዴ?» ይሉኛል፤ «እጅዎ ማር ነው» እላቸዋለሁ፤ «ልክ ነሽ» ይላሉ።

ፊዚክስ የተባለው ይኸው ነው። አንተ እስክትጽፍልኝ በግምት ነበር የምመታቸው። አሁን ውስጥ እግሬን ሲያሳክከኝ ቀኝ፣ መቀመጫው ሲያነጥረኝ ግራ። ዛሬ ጠዋት ያልከው የተኛ ሰው ደረት ተሰማኝ። እስከ አደባባዩ ድረስ ሁለቱንም እጆቼን ሰብስቤ ሄድኩ።

ለምን አትነግሪንም ትለኝ ይሆናል። ፊት ለፊታችን ያሉትን ጡረተኛ ዳኛ ታውቃቸው የለ? ልጆቻቸው ዓይናቸው ደከመ ብለው መጀመሪያ መኪናቸውን ወሰዱ፣ ቀጥሎ የውጪውን በር ቁልፍ፣ አሁን ገላቸውን እንኳ በሰው ነው የሚታጠቡት። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ፣ ሊወስዳቸው የመጣ ይመስል። አባባ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። እማዬ ከሰማች ቁልፉን የምትወስደው የዚያኑ ቀን ነው። እሳቸው ሲሰጧት ማየት አልፈልግም።

ግን እፈራለሁ፣ አጎቴ። ማታ ስተኛ እጄ ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል። አባባን የሚነዳቸው ይህ እጅ ነው። ቢሳሳትስ?


ጥቅምት 25

ውድ አጎቴ፣

ቁጣህ በሰላም ደርሶኛል። እስክሪብቶህ ወረቀቱን ስለበሳው ከጀርባውም በኩል ተነቧል።

በመጀመሪያ ስለ ሲሚንቶው ሾፌር። ያ ሰውዬ ሲሚንቶ ብቻ ቢጭን ምን አለበት? ክርኔ በፋሻ መታሰሩን ማን ንገር አለው? ለጥያቄህ፣ ደረጃ ነው። ደረጃ ላይ ወድቄ ነው። «ቤታችሁ ደረጃ የለውም» ላልከው፣ የትምህርት ቤት ደረጃ ነው። «የጎሹ ግራ መስታወትስ?» ላልከው... መስታወቱም ትምህርት ቤት ሄዶ ደረጃ ላይ ወደቀ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ያጎት ሞኝ የለኝም።

እማዬስ ምን አለች ላልከው፣ እሷ ደረጃውን አምናለች። ቅባት ቀባችኝና ለሰፈሩ ሁሉ የዛሬ ልጆች እግራቸው ሥር አያዩም ብላ ንግግር አደረገች። አባባም አጠገቧ ተቀምጠው «ልክ ነሽ» አሏት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የጠየቅሽኝ ጎሹን ራስሽ ተደብቀሽ ስለምትነጂ ነው። ጆሮ በጥጥ ያልሽውም ያንን ማዳመጫሽን ሰክተሽ ዘፈን እየሰማሽ ስለምትነጂ ነው። እውነቱን ንገሪኝ» ብለሃል። ይህንን አንብቤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። አንተ የፈታኸው እንቆቅልሽ ከኔ እንቆቅልሽ በጣም ይሻላል፤ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ክርኑ ይገጥማል፣ መስታወቱ ይገጥማል፣ ፊዚክሱም ይገጥማል።

እሺ። አዎ። እኔ ነኝ።

አባባ ቀን ሸለብ ሲያደርጋቸው ቁልፉን ከጃኬታቸው ኪስ እወስዳለሁ። ማዳመጫዬንም እሰካለሁ። መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። አባባ ምንም አላጠፉም፣ ምንም አያውቁም፤ ይህችን መስመር እባክህ ደግመህ አንብባት። ቅጣቱን ለኔ ስጠኝ። ከፈለግክ ጎሹን በጥርስ ብሩሽ አጥቤ በጥርስ ሳሙና አሸዋለሁ። ለእማዬ ብቻ አትጻፍ። ለአባባማ በጭራሽ።

የአባባን አነዳድ ለጠየቅከው፣ እንደ ድሮው ናቸው፤ አንበሳ። ሰፈራችን ማደያ ያለው ልጅ ሳይቀር «እኚህ ሽማግሌ ማርሽ ሲቀይሩ ማንም አይሰማቸውም» ብሏል። እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ይቅርታህን ለማኝ
ፌንጣ


ህዳር 2

ፌንጣ፣

ስላመንሽ አመሰግንሻለሁ። ልትዋሺኝ ትችዪ ነበር፤ አልዋሸሽኝም፤ ይህንን አልረሳልሽም።

ልጄ፣ ያ ነገር ቢወድቅብሽ ብቻሽን አታነሺውም። እግርሽ ከሥሩ ቢቀር ማንም እስኪመጣ እዚያው ነሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ መፍቻ ይዤ የያዝኩት ይጠፋብኛል። ስለዚህ ለእናትሽ እንደማልናገር ቃል እገባልሻለሁ፤ ጎሹ ግን ከዚያ ቤት መውጣት አለበት።

ለአባባ በሾፌሩ እጅ ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ። ስላንቺ አንድ ቃል አላነሳሁም። ጎሹን ለሥራ ስለምፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸው ነድተው እንዲያመጡልኝ ነው የለመንኳቸው። ሲመለሱ በሲሚንቶው መኪና ጋቢና ይመለሳሉ። «አብሬ ልሂድ» ብለሽ እንዳታስቸግሪያቸው፤ ኋላ መቀመጫው ላይ የዕቃ ሳጥኔን ያስሩልኛል።

ስለ ቁልቁለቱ አትጨነቂ። ያንን መንገድ በሙሉ አውቶቡስ፣ በጭጋግ፣ በዝናብ እየወረዱት ነው እኔንና እናትሽን ያሳደጉን። በዓለም ላይ ከሳቸው ጆሮ በላይ የማምነው ነገር የለኝም።

ተቀይሜሻለሁ። ደግሞም እወድሻለሁ።

አጎትሽ


ህዳር 6፣ ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ

አጎቴ፣

ሰላምታው ዛሬ ይቅርብህ፤ ለሱም ይቅርታ። የምጽፈው ግቢ ውስጥ ጎሹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። የሲሚንቶው ሾፌር መኪናውን በራችን ላይ አስነስቶ እማዬ የሰጠችውን ሻይ እየጠጣ ነው። ሻዩ ሲያልቅ ይሄዳል። ስለዚህ ቶሎ ልናገር። ቶሎ ልናገር ብዬም ይኸው ስለ ሻይ እያወራሁ ነው።

ላስቲኩን ቆርጫለሁ ያልኩህ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የጻፍኩልህን ሁሉ ተወው። ጎሹን ነድቼው አላውቅም። ማዳመጫዬ ከተበላሸ ቆይቷል። አጎቴ፣ አባባ አይሰሙም። ያ የምታምነው ጆሮ የለም። እንኳን ብሎን፣ ይሄ መኪና በራችን ላይ ሲያጓራ አይሰሙትም።

እስካሁን ማርሽ የሚቀይሩት እኔ ከኋላ ትከሻቸውን ስመታቸው ነው፤ ቀኝ ሲሆን መጨመር፣ ግራ ሲሆን መቀነስ። አንተ ያስተማርከኝን ነው የምነግራቸው። ተነጋግረንበት አናውቅም። እሳቸው አቧራ የማራግፍላቸው አስመስለው ነው የሚኖሩት፣ እኔም እንደዚያው።

ክርኔ ምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። ከዝናብ በኋላ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ነበርን፣ ደህና እየሄድን። አንድ ዝንብ መጥቶ ግራ ትከሻቸው ላይ አረፈ። እኔ መታሁት። ሳቀብኝና ተመልሶ አረፈ። ደግሜ መታሁት። አሁንም መታሁት። አጎቴ፣ አባባ ሦስቴም ቀነሱ። ከአራተኛ አንደኛ። እርጥብ መንገድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት ልጅ እንኳ የማያደርገውን አደረጉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የነዱት ሰውዬ፣ ለምን ብለው ሳይጠይቁ፣ እጄ ስላለቻቸው ብቻ። ጎማው ተቆለፈ። ሰው ቤት ሊሠራበት የደፋው አሸዋ ላይ ነው የወደቅነው። አሸዋው ባይኖር ከጎኑ ግንብ ነበር። አባባ ተነስተው ጃኬታቸውን አራገፉና «መንገዱ ላይ ቅባት ፈሶበታል» አሉ። «ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ያኔ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። አንተ ደግሞ ጎሹን የምትነጂው አንቺ ነሽ ብለህ ጻፍክልኝ፤ የተሻለ መስሎኝ እሺ አልኩህ። ለኔ ደንግጠህ ጎሹን አስጠራኸው፤ በማን እጅ እንዳስጠራኸው ይኸው ነው።

ነገ ጠዋት ይነሳሉ። ሳጥንህ ኋላ መቀመጫው ላይ ታስሯል፤ እማዬ ራሷ ናት በገመድ የጠረቀመችው። «አብሬ ልሂድ» አልኩ። እማዬ «ፈተናሽስ?» አለች። አባባን ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው፤ ቀና ብለው «ልጅ ለዚያ መንገድ አትሆንም» አሉና ጎማውን መጥረግ ቀጠሉ። ካንተ ደብዳቤ ወዲህ ወጣት ሆነዋል። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ለዳኛው ሳይቀር መንገዱን ተሻግረው «ልጄ ፈልጎኝ ነው» ብለው ነግረዋቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ማንም ያላያቸው መስሏቸው ሞተሩን አስነስተው መዳፋቸውን ነዳጅ መያዣው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። ጋዝ ይሰጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይለቃሉ። እጃቸው ከሰማ ብለው ነው። ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ እጃቸው አልሰማም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ይህ ዛሬ ማታ ይደርስሃል። ነገ ገና ሲነጋ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ፈልገህ ቁልቁለቱ አናት ላይ ድረስ። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት ማደያ አለ ብለኸኝ ነበር። እዚያ ቆመህ ጠብቃቸው። «ጎሹ ናፍቆኝ መታገስ አቃተኝ፣ ከዚህ ወዲያ እኔ ልንዳው» በላቸው። ይቆጡሃል። «ልጅነትህ አለቀቀህም» ይሉሃል። አንተም ልጅ ሁንላቸው። ስለ ጆሮ እንዳታነሳ፤ እኔም እንደነገርኩህ እንዳታስመስል። ሳጥንህን ፈትተህ እዚያው አስቀምጥና እሳቸውን ከኋላ ጫናቸው። እዚያ እስኪደርሱ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ በሜዳው ጎሹ ይጩህ፣ ችግር የለም፤ ሲጮህ ሰው አይሞትም። ቁልቁለቱን ብቻ ነው የምለምንህ። አርፍደህ ከሆነ ግን

ቆይ።

አባባ ከኋላዬ ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማሁም፤ እኔ፣ ጆሮ አለኝ ባይዋ። እየጻፍኩ ስቆይ የሾፌሩን ሻይ ሊያስሞሉ የወጡ መስሎኝ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገዋል። ጎንበስ ብለው ከላይ ጀምረው እያነበቡት ነው፤ ጣታቸውን ከመስመር መስመር ያስኬዳሉ። እኔ ከታች እየጻፍኩ ነው፣ ካቆምኩ የምይዘው ስለሌለኝ። ልሸፍነው እችል ነበር። አልሸፈንኩትም። የቱ ጋ እንደደረሱ ከጣታቸው አያለሁ። ሻዩን አለፉት። «አይሰሙም» የምትለዋ ላይ ጣታቸው ቆመ። አሁን ሄደ። ዝንቡ ጋ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ትንፋሽ አወጡ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ። ስለ መዳፋቸው የጻፍኩትን ሁለቴ አነበቡት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ዞርኩ። እሳቸው አልዞሩም።

አሁን ቀና ብለው ጎሹን አዩት፣ ሳጥኑን፣ የጠረጉትን ጎማ። ከጃኬታቸው ኪስ ቁልፉን አወጡና ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። እዚህ ጋ የምታየው የቅባት ምልክት የሱ ነው። እጃቸውን ቶሎ አላነሱትም። አሁን አነሱት።

እየጠሩኝ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጮሁብኝ ኖረው ዛሬ ቀስ ብለው። ፌንጣ አላሉኝም፤ በስሜ ነው።